በጥገኛ ተርብ ውስጥ የሚኖሩ ቫይረሶች፦ የምርምሩ መንገድ

አባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ የገባ ባዕድ እንቁላል ብዙ አይቆይም፤ የአባጨጓሬው የደም ሴሎች ከብበው፣ ሸፍነው ያፍኑታል። የጥገኛ ተርብ፣ ማለትም እጮቿ እንዲያድጉ እንቁላሏን አባጨጓሬ ውስጥ የምትጥል ተርብ፣ እንቁላል ግን ይተርፋል። ካምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ሶልት ምስጢሩን ከእንቁላሉ ገጽ ላይ ሲፈልጉ ቆዩ፤ በ1967 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮዘራም የተባሉ ተመራማሪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እዚያው ገጽ ላይ ቫይረስ መሰል ቅንጣቶችን አዩ። በ1970ዎቹ ቪንሰንና ስቶልትዝ ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ተርቦች ማህፀን አገኙ። ወሳኙ ሙከራ የመጣው በ1981 ነው፦ የታጠበ እንቁላል ከተጣራ ቫይረስ ጋር በመርፌ አባጨጓሬ ውስጥ ሲገባ ተረፈ፣ ቫይረሱ እንዳይሠራ ከተደረገ በኋላ ግን ታፈነ። ብዙ ክብ ዲኤንኤ ስላለው ፖሊድናቫይረስ ተባለ።

ከዚያ ነገሩ ተወሳሰበ። በ2004 የአንዱ ቫይረስ ዲኤንኤ ሲነበብ 30 ክቦች ተገኙ፤ ቫይረስን ቫይረስ የሚያሰኙት ዘረመሎች ግን የሉም ማለት ይቻላል። «ይህማ የተርቧ የራሷ ብልት ነው» ያሉ ነበሩ፣ ግማሹ እውነት ነው። በ2009 የጠፉት ዘረመሎች በተርቧ ክሮሞዞም ላይ ተገኙ፤ ምንጫቸው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ተርብ የገባ ኑዲቫይረስ የተባለ የነፍሳት ቫይረስ ነበር። በ2010 ደግሞ የሌላ ጥገኛ ተርብ ቤተሰብ ቫይረስ ከተለየ ዘር መምጣቱ ታወቀ።

አራት ኪሎ ካምፓስ ሳይንስ ለሚማር ተማሪ ቫይረሱን የያዘውን የማህፀን ፈሳሽ ማውጣት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሕያው ሴት ተርብ በበረዶ ትደነዝዛለች፤ ጨዋማ መፍትሔ ጠብታ ውስጥ የእንቁላል መጣያዋ በቀጭን ወረንጦ ተይዞ ሲሳብ ማህፀኗ ይወጣል። ሰማያዊ የሚመስለው ክፍል ይቀደድና ፈሳሹ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል፤ እንቁላሎቹ ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመርዝ ከረጢቱ አብሮ ሲቀደድ ነው፤ መርዙ ራሱ ቫይረሱን ስለሚያግዝ ውጤቱ የማን እንደሆነ አይለይም። በንጹህ ውኃ መሥራትም ሴሎቹን ያፈነዳል።

ዘረመሉን ብቻ ለሚፈልግ ግን 95 በመቶ አልኮል ውስጥ የቆየ አንድ እግር ይበቃል፤ የወንድም ቢሆን፣ ቫይረሱ በክሮሞዞሙ ላይ አለና። ይህ ለእኛ ሰብል ቁም ነገር ነው። በ2017 የገባውን የአሜሪካ ተምች ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያጠቃ ኮቴሲያ የተባለው የጥገኛ ተርብ ወገን ዝርያ ተገኝቷል። ኬንያ ውስጥ የአገዳ ቆርቁር ጠላት የሆነው ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሞምባሳው በደጋው አገዳ ቆርቁር ውስጥ እንቁላሉ ይታፈንበታል፣ የኪታሌው ይሳካለታል። ልዩነቱ ሲአርቪ1 ከተባለ የቫይረሱ ዘረመል ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በናሙናው መለያ ወረቀት ላይ የዝርያው ስም ብቻውን አይበቃም፤ የተሰበሰበበት ቦታና ከየትኛው አባጨጓሬ እንደወጣም ይጻፍ።