ማንስፕሌኒንግ፦ የቃሉ ትርጉምና አመጣጥ

ማንስፕሌኒንግ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት፣ እሷ ከሱ እኩል ወይም ከሱ በላይ የምታውቀውን ነገር ከላይ ሆኖ ሲያስረዳት የሚሰጠው ስም ነው። ቃሉ የተሠራው «ማን» (ወንድ) እና «ኤክስፕሌይን» (ማስረዳት) የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በማጣበቅ ነው። ማስረዳት በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ጠይቃው ቢመልስላት ማንም ቅር አይለውም። ነውሩ ያለው ግምቱ ላይ ነው። ሴት ስለሆነች አታውቅም ብሎ ይነሳል፤ ለማጣራትም አንድ ጥያቄ እንኳ አያቀርብም።

እኛ ዘንድ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። ተረቱ ግን የሚገስጸው ገና ያልኖረችውን ልጅ ነው፤ እናትም ስቃ ታልፈዋለች። እዚህ ያለውን አስተማሪ ግን ሁሉም «አዋቂ ነው» ብሎ አስቀድሞ ተቀብሎታል። ስቆ ማለፉ ቀላል አይደለም።

የቃሉ ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 ደራሲዋ ሬቤካ ሶልኒት ኮሎራዶ በምትገኘው አስፐን ከተማ አንድ ግብዣ ላይ ነበረች። ጋባዡ በዕድሜ የገፋ ሀብታም ሰው ነው። መጽሐፍ ትጽፊያለሽ አሉ፣ ስለምንድን ነው? አላት። በቅርቡ ስላወጣችው፣ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ኢድዊርድ ማይብሪጅ ስለጻፈችው መጽሐፍ ጀመረችለት። አላስጨረሳትም። ዘንድሮ ስለ ማይብሪጅ የወጣውን ትልቅ መጽሐፍ ሰምተሻል ወይ? ብሎ ስለ መጽሐፉ ያስረዳት ገባ። መጽሐፉ የራሷ ነው። አብራት የነበረችው ጓደኛዋ «የሷ መጽሐፍ እኮ ነው» አለችው። አልሰማም። ደግማ ደጋግማ ነገረችው። በመጨረሻ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ መጽሐፉን አላነበበውም፤ ጋዜጣ ላይ ስለሱ የተጻፈ አስተያየት ነው ያየው።

ሶልኒት ይህን ጽፋ ያወጣችው በ2008 ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን የግብዣ ታሪክ ብቻ ነው፤ የጽሑፉ ክብደት ያለው ግን ሌላው ክፍል ላይ ነው። ወጣት ሳለች የወንድ ጓደኛዋ አጎት፣ የኒውክሌር ፊዚክስ ባለሙያ፣ የገና ዕለት አንድ ወሬ እየሳቀ አወራ። የጎረቤታቸው ሚስት ባሌ ሊገድለኝ ነው እያለች በሌሊት ራቁቷን ከቤት ወጥታ ጮኸች አሉ። ሊገድላት አለመሆኑን በምን አወቅህ? ብላ ጠየቀችው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አላት። ሴትየዋ አብዳ ይሆናል እንጂ ባልየው አያደርገውም ማለቱ ነው። ሶልኒት ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ያስቀመጠችው አውቃ ነው። ስለ መጽሐፏ ስትናገር የማትሰማ ሴት፣ ስለ ሕይወቷ ስትጮኽም አትታመንም። እኔም ይህን ቃል እንደ ቧልት ማየት የማልወደው ለዚህ ነው።

ቃሉን ራሱን ግን ሶልኒት አልፈጠረችውም። ጽሑፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚያው 2008 ላይ፣ በኢንተርኔት ውይይቶች መካከል ብቅ አለ። በ2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ከዓመቱ ቃላት መደበው። የአውስትራሊያው ማኳሪ መዝገበ ቃላት የ2014 የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። በ2018 የአሜሪካው መዝገበ ቃላት ሜሪያም ዌብስተር አስገባው። አይስላንዶች «የአውራ በግ ማብራሪያ» ለማለት የሚቀርብ የራሳቸውን ቃል ሠሩለት። በ2016 ደግሞ ዩኒየነን የተባለው የስዊድን የሠራተኞች ማኅበር ሥራ ቦታ ላይ ይህ የገጠማቸው ደውለው የሚማከሩበት የስልክ መስመር ለአንድ ሳምንት ከፈተ።

በዚያው ዓመት ጄሲካ ሚር የተባለች የናሳ ጠፈርተኛ ልምምድ ላይ የነበረችበትን ሁኔታ ትዊተር ላይ ለጠፈች። አየሩ ከ63,000 ጫማ በላይ ከፍታ ጋር በሚመጣጠን የልምምድ ክፍል ውስጥ ውሃ በራሱ ጊዜ ይፈላል አለች። አንድ ሰው «በራሱ ጊዜ» አይባልም፣ ግፊቱ ስለቀነሰ ነው፣ ቀላል ፊዚክስ ነው ብሎ አረማት። የጠፈር ልብሱን ለብሳ እዚያ ውስጥ የቆመችው እሷ ናት።

ቃሉ ላይ የሚነሳው ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። የወንድን አፍ ለማዘጋት ብቻ የሚወረወርበት ጊዜ አለ። ሶልኒት ራሷ፣ ጥፋቱን የወንድ ተፈጥሮ ያስመስለዋል ብላ ትጠራጠረው ነበር። ኋላ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ቃሉ ለሴቶች ምን ያህል እንዳስፈለጋቸው ስትነግራት ሐሳቧን ለወጠች።

የማንስፕሌኒንግ የቅርብ ዘመድ ሴት ስትናገር ንግግሯን ማቋረጥ ነው። እሱ ሊቆጠር ስለሚችል ማስረጃው ጠንካራ ነው። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክርክር መዝገቦች አጥንተው ውጤቱን በ2017 አወጡ። በ2015ቱ የችሎት ዘመን ከዳኞቹ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከተቋረጡት ንግግሮች ግን 66 በመቶ ያህሉ የነሱ ነበር። ጠበቆችም፣ ሕጉ እየከለከላቸው፣ ያቋርጧቸው ነበር። በ2021 ፍርድ ቤቱ ዳኞች በተራ የሚጠይቁበትን ጊዜ ጨመረ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ለለውጡ አንዱ ምክንያት እነዚህ ጥናቶች መሆናቸውን በአደባባይ ተናግራለች።