የኤክስሬይ ልኬትን ማረም ሲባል ምን ማለት ነው?

ጋላክሲ ስንሞዴል የኤክስሬይ ልኬቱን እንዳለ እናስገባ ወይስ አርመን? ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ላስረዳ።

ቴሌስኮፑ የሚቆጥረው በመንገድ ላይ ያለው ጋዝ ውጦ ያስተረፈውን ጨረር ነው። ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ምንጩ የለቀቀውን ነው። ሲጋል (CIGALE) የተባለው የጋላክሲ መሞዴያ ፕሮግራምም የታረመውን ነው የሚጠብቀው።

የደረሰን 4 ነው እንበል። ጋዙ 20 በመቶውን ውጦ ከሆነ 4ን ለ0.8 እናካፍላለን፤ 5 ይመጣል። ብዙዎች የ4ን 20 በመቶ ይደምሩና 4.8 ይላሉ። ይህ ስህተት ነው።

ጋዙ ደግሞ ሁሉንም እኩል አይውጥም። በካሬ ሴንቲሜትር 10²² የሃይድሮጂን አቶም ካለ፣ በ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) አብዛኛው ጨረር ይዋጣል፤ በ5 ግን የሚዋጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ጠንካራውን፣ ማለትም ጉልበቱ ከፍ ያለውን ጨረር ተጠቀሙ፤ እርማቱ ትንሽ ስለሆነ ስህተቱም ትንሽ ነው።

እስካሁን ያልኩት እርግጠኛ ነው። የሚለያየው የጋዙ መጠን ነው። የፍኖተ ሐሊብ (የእኛው ጋላክሲ) ድርሻ ከሃይድሮጂን ካርታ ይገኛል። የጋላክሲው የራሱ ጋዝ ግን ከእያንዳንዱ ጋላክሲ ስፔክትረም (በየጉልበቱ ከተዘረዘረው ጨረር) መገመት አለበት።

አንዳንድ ካታሎጎች (የልኬት ሰንጠረዦች) የፍኖተ ሐሊብን ድርሻ አስቀድመው አርመውታል። ሁለቴ እንዳታርሙት የዓምዱን መግለጫ መጀመሪያ አንብቡ።