ጀሶ፣ ቀለምና ጸሎት፦ ስለ ካቶሊክ ተሐድሶ ጥበብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ካቶሊክ ተሐድሶ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለፕሮቴስታንቶች ምላሽ እየሰጠች ራሷን ያደሰችበት እንቅስቃሴ ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የባሮክን ስልት ያዘዘው የትሬንት ጉባኤ ነው»

ባሮክ ስሜትና እንቅስቃሴ የበዛበት የጥበብ ስልት ነው፤ የተሐድሶው ዋና የጳጳሳት ስብሰባ የሆነው የትሬንት ጉባኤ ግን ስለ አሣሣል ስልት ያለው ነገር የለም። በ1563 ማብቂያው ላይ ያወጣው ድንጋጌ አጭር ነው፦ ቅዱሳት ሥዕላት ይኑሩ፤ ክብሩ በእነርሱ ለተመሰሉት ይለፍ፤ ያልተለመደ ሥዕል ጳጳሱ ሳይፈቅድ አይሰቀል። እንዴት ይሣል የሚለው የአሠሪውና የባለሙያው ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

«ጉባኤው የኅብረ ድምፅ ዜማን ሊያግድ ሲል ፓሌስትሪና በአንድ ቅዳሴ አዳነው»

ኅብረ ድምፅ የተለያዩ ዜማዎች በአንድነት የሚዘመሩበት ስልት ነው፤ የዜማ ደራሲው ፓሌስትሪና ለቅዳሴ በደረሰው ዜማ አዳነው መባሉ ደስ የሚል ተረት ነው። በ1562 የተነቀፈው ርኩስና የዘፈን ለዛ ያለው ዜማ ብቻ ነው። የፓሌስትሪና የቅዳሴ ዜማም የታተመው በ1567፣ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ነው።

«የስፔን የእንጨት ቅርጾች ሕይወት ያላቸው የሚመስሉት በቀራጺው እጅ ነው»

ግማሹ ሥራ የቀለም ቀቢው ነው፤ ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩ ነበሩ። በደንብ የደረቀ እንጨት ይቀረጻል። ትልቅ ከሆነ ውስጡ ይቦረቦራል፤ አለዚያ ልቡና ዳሩ እኩል ስለማይደርቁ ይሰነጠቃል። ከዚያ እንጨቱ የእንስሳት ሙጫ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ በሙጫ የተበጠበጠ ጀሶም መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ የላመው እየተደራረበ ይቀባል። የላይኛው ንብር ከታችኛው ይበልጥ ሙጫ ከበዛበት ጀሶው ይላቀቃል። ከወፈረ ደግሞ ቀራጺው የለፋበትን ጅማትና ሽፋሽፍት ይደፍናል።

ቆዳው በዘይት ቀለም ይሠራል። የሴቪሉ ሠዓሊ ፓቼኮ ቆዳ እንዳያብለጨልጭ አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ እውነቱን ነው፣ የሚያብረቀርቅ ፊት ሸክላ ሳህን ይመስላል። ልብሱ በወርቅ ይለበጥና ቀለም ይደረብበታል፤ ቀለሙ በሹል ነገር ሲፋቅ ወርቁ እንደ ጥልፍ ብቅ ይላል።

ስፔናዊው ቀራጺ ሞንታኜስ በ1603 ለስቅለት ቅርጽ የገባው ውል፣ ክርስቶስ ገና ሳይሞት፣ ከእግሩ ሥር የሚጸልየውን ቁልቁል የሚያይ እንዲሆን ይጠይቃል። እይታውን የሚያገኘው እንግዲህ ከሥሩ የተንበረከከ ነው።

«የስሜት ሕዋሳትን የሚያነቃው ሥዕል ብቻ ነበር»

ፓፓው በ1548 ያጸደቁት፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የኢግናጥዮስ ሎዮላ የጸሎት መመሪያ «መንፈሳዊ ልምምድ» ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር አይሻም። ሲኦልን የሚያሰላስል ሰው እሳቱን በሕሊናው ያያል፣ ዋይታውን ይሰማል፣ ጢሱንና ድኙን ያሸታል፣ የእንባን ምሬት ይቀምሳል፣ ነበልባሉን ይዳስሳል።

«ከእኛ ጋር አይገናኝም»

በሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እጅ ኢትዮጵያ ደርሷል። ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ሥዕሉ ግን እዚሁ ቀረ። በዚያ ሥዕል እንዳለችው እጆቿን ያነባበረችና መሐረብ የያዘች እመቤታችን በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ደጋግማ ትታያለች።