ቢኤምደብሊው ኤም3 ኢ30፦ ለውድድር ሲባል የተሠራው የመንገድ መኪና

ቢኤምደብሊው ኤም3፣ በፋብሪካ መለያው ኢ30፣ ከ1986 እስከ 1991 የተመረተ የጀርመን መኪና ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደ ፈጣን የመንገድ መኪና ነው። የታሰበው ግን መጀመሪያውኑ ለውድድር ነበር። ሰሌዳ ለጥፎ መንገድ ላይ የወጣው የውድድር ሕጉ ስላስገደደ ነው። በዚህ መንገድ የተወለዱ ሌሎች መኪኖችም አሉ፤ እንደ ኤም3 በብዙ አገር ያሸነፈ ግን ማግኘት ይከብዳል። ስለ እሱ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለሌለ፣ ታሪኩንና አሠራሩን እዚህ በአንድ ቦታ አስቀምጠነዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

በቱሪንግ ካር ውድድር የሚሮጠው ሰው በየመንገዱ የሚያየው ዓይነት መኪና ነው። መቀመጫ ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ ቤተሰብ የሚጭን መኪና። ኩባንያዎች ሦስት አራት ልዩ መኪና ሠርተው «ይኸው የመንገድ መኪናችን» እንዳይሉ ሕጉ አንድ መቆለፊያ አበጀ፦ የተወሰነ ቁጥር አምርታችሁ ለሕዝብ ሽጡ፣ ከዚያ ትወዳደራላችሁ። ይህ የማጽደቅ ሥርዓት ሆሞሎጌሽን ይባላል።

በ1982 የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት አስተዳዳሪ ፊሳ ግሩፕ ኤ የተባለውን ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። ቁጥሩ ከባድ ነበር። በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 5,000 መኪና መመረት አለበት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው መኪናውን ማሻሻል ከፈለገ፣ የተሻሻለውን ዓይነት 500 ብቻ ሠርቶ ማጽደቅ ይችላል። እነዚህ ኢቮሉሽን ይባላሉ።

ዋናው ነጥብ ግን ያለው ቁጥሩ ላይ አይደለም። ግሩፕ ኤ ለውድድር ቡድኖች ስፕሪንጉን፣ ፍሬኑን፣ የጭስ ማውጫውንና የመሳሰሉትን በሰፊው እንዲቀይሩ ፈቅዷል። የአካሉን ቅርጽ፣ የኋላ ክንፉን፣ የሞተሩን መሠረትና የቫልቮቹን ቁጥር ግን መንካት አይቻልም። እነዚህ በሚሸጠው መኪና ላይ ከሌሉ በውድድሩም ላይ አይኖሩም። ስለዚህ አንድ መሐንዲስ ሰፊ ጎማ ለመግጠም ካሰበ፣ ለጎማው የሚሆነውን ሰፊ ፓራፋንጎ ሱቅ ሄዶ ለሚገዛው ሰው ጭምር መሥራት ነበረበት።

ከኤም3 በፊት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1963 ፎርድና ሎተስ የኮርቲናን ልዩ ዓይነት አወጡ። በ1965 አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ጂቲኤን በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሸፍኖ አቀለለው።

የቢኤምደብሊው የውድድር ክፍል የተቋቋመው በ1972 ነው፤ መሪውም ዮኸን ኔርፓሽ ነበር። የክፍሉ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ 3.0 ሲኤስኤል ሆነ። መኪናው ቀለል ባለ ቆርቆሮ ተሠርቶ ትልቅ የኋላ ክንፍ ተጨመረለት። ክንፉ በጀርመን መንገድ ላይ ስላልተፈቀደ፣ ገዢው መኪናውን ሲረከብ ክንፉ ሳይገጠም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጦ ነበር የሚያገኘው። ሲኤስኤል በ1973 የአውሮፓን ሻምፒዮና ወሰደ። ከ1975 እስከ 1979 ባለው ጊዜም ዋንጫው ከሲኤስኤል አሽከርካሪዎች እጅ አልወጣም።

ሞተሩ

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቢኤምደብሊው በቱሪንግ ካር የሚሮጠው በ635 ሲኤስአይ ነበር። ጠንካራ መኪና ነው፤ በ1984 የጀርመንን ሻምፒዮና አሸንፏል። ነገር ግን ትልቅና ከባድ ነበር። ምትክ ያስፈልገዋል። ዓይን ያረፈው «3 ተከታታይ» (3 ሲሪስ) በተባለው የኩባንያው ትንሽ መኪና ላይ ነው።

ኤም3 ለመርሴዲስ የተሰጠ መልስ ነው የሚሉ አሉ። መርሴዲስ በ1983 190ኢ 2.3-16 የተባለውን ባለ 16 ቫልቭ መኪና አሳይቶ ነበርና ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም ሊባል ይችላል። ሆኖም የ635 እርጅና ብቻውን በቂ ምክንያት እንደነበር መዘንጋት የለበትም። አንድ ልዩነትም አለ። መርሴዲስ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለእንግሊዙ ኮስዎርዝ ሰጥቶ አሠራ፤ ቢኤምደብሊው የራሱን በራሱ ቤት ሠራ።

ሥራው የተሰጠው ለፓውል ሮሼ ነው። ሮሼ በኩባንያው የሞተር ሰዎች መካከል አቻ ያልነበረው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1983 ኔልሰን ፒኬ በብራብሃም መኪና የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ባለ 1.5 ሊትር ተርቦ (አየርን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) ሞተር የእሱ ሥራ ነበር። የዚያ ሞተር መሠረት ደግሞ ኤም10 የተባለው ተራ የመንገድ መኪና ሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል) ነው።

ሮሼ ለኤም3ም ወደዚያው ሞኖብሎክ ተመለሰ። ለቴስታታው ግን ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ኤም1 የተባለው የኩባንያው ስፖርት መኪና ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ 24 ቫልቭ ሞተር ነበረው፤ መጠኑ 3,453 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 93.4 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 84 ሚሊ ሜትር ነበር። በሁለቱ ሞተሮች ላይ በሲሊንደርና በሲሊንደር መካከል ያለው ርቀት አንድ ነው። ስለዚህ ከስድስቱ ሁለቱ ተቆርጠው ቢጣሉ የቀረው ክፍል በባለ 4 ሲሊንደሩ ሞኖብሎክ ላይ ይቀመጣል። ሮሼ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ቃል በቃል እንደዚህ ነው፦ ቴስታታው ተቆረጠ፣ የተከፈተው ጎኑ በብረት ተደፈነ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ሞተሩ ተነሣ። የኩባንያው አለቃ ኤበርሃርድ ፎን ኩንሃይም መኪናውን ነድቶ እንደወደደው ይነገራል።

ኤስ14 የተባለው ይህ ሞተር 2,302 ሲሲ ነው። ኩባንያው በባለ 6 ሲሊንደር ሞተሮቹ የታወቀ ሆኖ ሳለ ለምን 4 መረጠ? መልሱ ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ጉዞ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ላይ ነው። አጭር ክራንክሻፍት በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር እንደ ረጅሙ አይንቀጠቀጥም፤ ስለዚህ ሞተሩን የበለጠ ማጯጯህ ይቻላል። ከፊት ያለው ክብደትም ይቀንሳል፤ መኪናው ወደ ኩርባ ሲገባ ለመሪው ቶሎ ይታዘዛል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ የአየር መቆጣጠሪያ በር ተሰጠው። የጭስ ማጣሪያ የሌለው የመንገድ መኪና በደቂቃ 6,750 ዙር ላይ 200 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የውድድሩ መኪና በ1987 ወደ 300 ደረሰ፤ ያውም ያለ ተርቦ።

አካሉና ሌላው

ኤም3 ከሩቅ ሲታይ ተራውን የ3 ተከታታይ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከኮፈኑ፣ ከጣሪያውና ከበሮቹ በቀር ከውጪ ከሚታየው የአካል ክፍል አንድ ዓይነት የሆነ ማግኘት ያስቸግራል። አራቱም ፓራፋንጎዎች ሰፍተዋል። የኋላ መስተዋቱ የበለጠ ተጋድሟል። የዕቃ መጫኛው ክዳን ከፍ ተደርጎ በላስቲክ ነክ ቁስ ተሠራ፤ በላዩ ክንፍ ተቀመጠ። የመስተዋቱ መጋደም ለውበት አይደለም። አየሩ ከጣሪያው ሳይበታተን ወርዶ ክንፉ ላይ እንዲያርፍ ነው። መኪናው ቢሰፋም አየርን የመቅዘፍ ችሎታው ከተራው የተሻለ ሆነ።

ጎማው በ4 ሳይሆን በ5 ብሎን ይታሰራል፤ የጎማ ተሸካሚዎቹ (ኩሽኔታዎቹ) የመጡት ከትልቁ የ5 ተከታታይ መኪና ነው። ለ24 ሰዓት ውድድር የሚሆን ጥንካሬ ስለተፈለገ ነው ይህ የሆነው። በአውሮፓ በተሸጡት ላይ ካምቢዮው አንደኛ ማርሹን ወደ ግራና ወደ ኋላ አስቀምጧል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በውድድር ላይ አንደኛ ማርሽ ለመነሻ ብቻ ነው። ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ያሉት በሚመች ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ገበያ ለመሄድ መኪናውን የገዛ ሰው ግን ይህን መልመድ ነበረበት።

መኪናው በ1985 በፍራንክፈርት ትርኢት ታየ፤ ምርቱ በ1986 ተጀመረ። 5,000ው ተሟልቶ በ1987 የውድድር ወቅት መጀመሪያ ላይ ጸደቀ።

1987

ይህ ዓመት ለብቻው መነገር አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና የተዘጋጀው በ1987 ነው። የመጀመሪያው ውድድር በጣሊያን ሞንዛ ተካሄደ፤ ኤም3ዎቹ ከፊት ተሰልፈው ገቡ። ከውድድሩ በኋላ ግን አንዳንድ የአካል ክፍሎቻቸው ከጸደቀው ቀለል ያሉ ናቸው በሚል ተሰረዙ። ነገሩ አነጋጋሪ ነበር፤ ዝርዝሩም በየዘገባው ይለያያል። ድሉ ከኋላቸው ለገባው የአላን ሞፋትና የጆን ሃርቪ ሆልደን ተሰጠ።

ዋናው ተቀናቃኝ ፎርድ ነበር። ፎርድ ሲየራ አርኤስ ኮስዎርዝን በ5,000 ሕግ አጸድቆ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አርኤስ500 የተባለውን 500 መኪና ብቻ የተሠራ ኢቮሉሽን አመጣ። ትልቅ ተርቦ ነበረው። ለመንገድ 224 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው መኪና በውድድር ላይ ከ500 በላይ ይወጣው ነበር። በቀጥታ መንገድ ላይ ኤም3 ሊደርስበት አይችልም። በአውስትራሊያ ባተርስት ላይ የኤገንበርገር ቡድን ሲየራዎች ቀድመው ገቡ፤ ፓራፋንጎአቸው ሕግ ስለጣሰ ግን ተሰረዙ።

ኤም3 የተማመነው በሌላ ነገር ነው። ቀላል ነበር። ጎማና ፍሬን አይበላም። አይሰበርም። በዓመቱ መጨረሻ ሮቤርቶ ራቫግሊያ በአንድ ነጥብ ልዩነት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የቡድኖቹን ዋንጫ የፎርዱ ኤገንበርገር ወሰደ። በዚያው ዓመት ዊንፍሪድ ፎግት የአውሮፓን፣ ኤሪክ ፋን ደ ፑለ የጀርመንን፣ ጂም ሪቻርድስ የአውስትራሊያን ሻምፒዮና በኤም3 አሸነፉ። ኤም3 በቤልጂየም በሚካሄደው የስፓ የ24 ሰዓት ውድድርም አንደኛ ወጣ። ለአስፋልት ኩርባ የተሠራው መኪና በርናር ቤጋን እየነዳው የኮርሲካን የዓለም ራሊም አሸንፏል። ለአንድ አዲስ መኪና የመጀመሪያ ዓመት ይህ እጅግ ብዙ ነው።

ኢቮሉሽኖቹ

በ1987 የመጀመሪያው ኢቮሉሽን በ505 መኪና ወጣ። በ1988 ሁለተኛው ተከተለ፦ 500 መኪና፣ 220 የፈረስ ጉልበት፣ ቀጠን ያለ መስተዋት። የመጨረሻው ስፖርት ኢቮሉሽን ነው፤ 600 ተሠራ። ሞተሩ ወደ 2,467 ሲሲ አደገ፤ ጉልበቱ 238 ሆነ። የፊትና የኋላ ክንፎቹን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። የጉም መብራቶቹ ወጥተው በቦታቸው ለፍሬን ማቀዝቀዣ የሚሆን የአየር ቀዳዳ ተተካ። የእነዚህ ለውጦች ሁሉ ጌታ የውድድር ሜዳው ነው፤ የመንገድ ደንበኛው የተጠየቀ አይመስልም፣ ግን የተጠቀመው እሱ ሆነ።

መርሴዲስም ዝም አላለም። በ1989ና በ1990 የራሱን ሁለት ኢቮሉሽኖች አወጣ፤ እያንዳንዳቸው 502 መኪና ነበሩ። የሁለተኛው የኋላ ክንፍ ትልቅነት እስከ ዛሬ ያስገርማል። ኒሳን በበኩሉ ስካይላይን ጂቲ-አር አር32ን ሠራ። የሞተሩ መጠን 2,568 ሲሲ መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም። ሕጉ ተርቦ ያለውን ሞተር መጠን በ1.7 ስለሚያባዛ፣ ከ4,500 ሲሲው የምድብ ወሰን በታች እንዲቀር ታስቦ ነው። በጃፓን ሻምፒዮና ከ1990 እስከ 1993 የገባበትን 29 ውድድር በሙሉ አሸነፈ።

ኤም3 በ1988 የአውሮፓንና የብሪታንያን፣ በ1989 የጀርመንን፣ በ1991 እንደገና የብሪታንያን ሻምፒዮና ወሰደ። በስፓ 24 ሰዓት ደግሞ በ1988፣ በ1990ና በ1992 ደገመ።

ፍጻሜው

የኢቮሉሽን እሽቅድምድም ዋጋው እየናረ መጣ። በጀርመን በ1992 ኦዲ በቪ8 መኪናው ክራንክሻፍት የተነሣ ሕግ ጥሰሃል ተብሎ በዓመቱ አጋማሽ ወጣ። ከ1993 ጀምሮ የጀርመን ውድድር ወደ ሌላ ሕግ ዞረ።

የመንገዱ ኤም3 ኢ30 በድምሩ 17,970 ተመርቷል፤ ከእነዚህ 786ቱ ጣሪያቸው የሚታጠፍ ናቸው። ተተኪው ኢ36 በ1992 መጣ፦ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 286 የፈረስ ጉልበት። የተሠራው ለገበያ እንጂ ለማጽደቂያ አልነበረም። ለጂቲ ውድድር ሲፈለግ ብቻ ኤም3 ጂቲ በ350 መኪና ተለይቶ ወጣ። በ2001 ደግሞ ቪ8 ሞተር የተገጠመለት ኤም3 ጂቲአር «አሜሪካን ለ ማን ሲሪስ» በተባለው ተከታታይ ውድድር በጂቲ ምድብ አሸነፈ። ለ2002 ሕጉ 100 መኪናና 1,000 ሞተር ሲጠይቅ ቢኤምደብሊው መኪናውን ከዚያ ውድድር አስወጣው።