የወጣቶች ማኅበራዊ ትስስርና ደኅንነት በጎንደር

ጎንደር ከሩቅ የመጣ ተማሪ ማስተናገድን የለመደች ከተማ ናት። ቀድሞ የአብነት ተማሪው፣ ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ ይኖርባታል። እንዲህ ላለው ወጣት ጠያቂ ማግኘት የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ13 እስከ 29 ዓመት ካሉት ከ17 እስከ 21 በመቶው ብቸኝነት ይሰማቸዋል፤ ብቸኝነት ደግሞ ከድብርት፣ ከልብ ሕመምና ከትምህርት ውጤት ማነስ ጋር ይያያዛል።

የቆሎ ተማሪዎች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። በአቋቋም (በቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ሥርዓት) ትምህርቷ በምትታወቀው በአታና በሌሎችም አድባራት፣ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ ይካፈላሉ፤ ነባሩ አዲሱን ያስጠናል፤ የታመመውን የሚያስታምመው የጎጆ ባልንጀራው ነው።

ዩኒቨርሲቲውና ከተማው በ2012 ዓ.ም. የጀመሩት «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ይህንኑ መንፈስ ወደ ግቢ ያስገባ ነው። ጊዜው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ግጭት የታመሱበት ነበር። አዲስ ገቢው ከአንድ የጎንደር ቤተሰብ ጋር ቃል ይገባል፤ መኖሪያው ዶርም ቢሆንም በዓልን ከቤተሰቡ ጋር ይውላል፣ ሲያመውም ይጠየቃል። አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ልጅ «ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» የሚል ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ከተማዋ ለወጣቶች ካደረገችው ሁሉ ይህን የሚበልጥ ያለ አይመስልም።

የከተማዋ ልጆች በበኩላቸው ሰፈርና ዘመድ አላቸው። ለጥምቀት ተደራጅተው በታቦታቱ መንገድ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ሥርዓት ያስከብራሉ፤ በዚያ ሥራ የተገናኙም ከበዓሉ በኋላ ይጠያየቃሉ።

ከሁሉም የተረሳችው ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ዕድር የላት፣ ማኅበር የላት፤ እኩያ የምታገኘው የማታ ትምህርት ቤት ከተፈቀደላት ብቻ ነው። ለእርሷም ቃል የሚገባ ቤተሰብ ሊኖር ይገባል።

መቀራረቡ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት፣ የተጨነቀ ወጣት ችግሩን ለሚቀርቡት እንኳ እንዳይናገር ያደርገዋል። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ብዙዎች ግን እንዳይታዩ ብለው ይቀራሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት ደግሞ ትምህርት ቤቶችን እየዘጋ፣ መንገዶችን እየቆረጠ፣ ወጣቶች የሚገናኙበትን ቦታ አጥብቧል።