ፓወር ትሪዮ ምንድን ነው?

ፓወር ትሪዮ ሦስት ሰው ብቻ ያለው የሮክ ባንድ ነው፦ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር)፣ አንድ ድራም። ኪቦርድ የለም። ሁለተኛ ጊታር የለም። ለብቻው ማይክ ይዞ የሚቆም ድምፃዊም የለም፤ ከሦስቱ አንዱ እየተጫወተ ይዘፍናል። ሰው ሲያንስ ድምፁ የሚሳሳ ይመስላል። የእንግሊዙ ባንድ ክሪም ግን ነገሩን ገለበጠው።

ክሪም እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ያኔም በብሉዝ ስሙ የገነነ ነበር። ቤዙን የሚጫወተውና አብዛኛውን የሚዘፍነው ስኮትላንዳዊው ጃክ ብሩስ ነበር፤ በልጅነቱ ቼሎ ተምሯል። ድራመሩ ጂንጀር ቤከር ከጃዝ የመጣ ነው። ብሩስና ቤከር ቀድሞ በሌላ ባንድ አብረው ሠርተዋል፤ ዓይንና ናጫ ነበሩ። እንዲያውም ብሩስን ከዚያ ባንድ ያባረረው ቤከር ነው። ፀቡ ክሪም ድረስ ተከትሏቸው መጣ።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንግባ። በተለመደው ባንድ ሊድ (መሪ) ጊታሩ ሶሎ፣ ማለትም ብቻውን ጎልቶ የሚጫወተውን ክፍል፣ ሲጀምር አጃቢው ሪትም ጊታር ወይም ኪቦርድ ከሥሩ ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ ይዞለት ይቆያል። በትሪዮ ይህን የሚይዝለት የለም። ክፍተቱን መሙላት የቤዙና የድራሙ ሥራ ይሆናል። ብሩስ ታዲያ ጥግ ይዞ ዱም ዱም የሚል ሰው አልነበረም። የራሱን ዜማ እየፈጠረ ከጊታሩ ጋር ይመላለሳል። ቤከርም ሁለት ቤዝ ድራም አቁሞ በሁለት እግሩ ይመታ ነበር።

«ክሮስሮድስ»ን ክፈቱና ስሙ። አሜሪካዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ ሮበርት ጆንሰን በ1936 ብቻውን በአንድ ጊታር የቀዳው ብሉዝ ነው። የክሪም ቅጂ በ1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳ ሲሆን ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው ሶሎ ላይ ስትደርሱ ጊታሩን ተዉትና ቤዙን ተከተሉ። ብሩስ ራሱ ሶሎ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ሦስቱም እኩል ይሮጣሉ፤ ዘፈኑ ግን አይበተንም። ለእኔ ፓወር ትሪዮ ማለት ይህ ነው።

«ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭ» ላይ ደግሞ ሌላ መልካቸው ይታያል። የዘፈኑን ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር ሐረግ፣ ያመጣው ብሩስ ነው። ጊታርና ቤዝ እኩል ስለሚጫወቱት ድምፁ ይወፍራል። ቤከር ደግሞ ሮክ ከለመደው ሁለተኛና አራተኛ ምት ይልቅ አንደኛውንና ሦስተኛውን ያጠብቃል። ዘፈኑን ከባድ ያደረገው ፍጥነት ሳይሆን ይህ አመታት ነው።

እርግጥ ነፃነቱ ዋጋ ነበረው። መድረክ ላይ አንዳንዱን ዘፈን ከሩብ ሰዓት በላይ ይጎትቱት ነበር፤ ሁሉም አልተሳካም። ድምፅ የሚያጎሉት የማርሻል አምፕሊፋየሮች ጩኸትም ሌላ ጣጣ ነው። ክላፕተን ኋላ እንደተናገረው አንድ ኮንሰርት ላይ መጫወቱን ቢያቆምም ሁለቱ ልብ ሳይሉት ቀጥለዋል። ኖቬምበር 1968 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ላይ ተሰናበቱ፤ በ2005 እዚያው ተመልሰው ተጫውተዋል።

ያስተማሩት ግን አልጠፋም። አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 ለንደን በገባ በቀናት ውስጥ ክሪም መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ተጫውቷል፤ የራሱንም ባንድ በዚያው ሰሞን በሦስት ሰው አቆመ። የካናዳው ረሽ፣ ቀጥሎም ፖሊስና ኒርቫና በየራሳቸው መንገድ በሦስት ሰው ሠርተዋል። አንዳንዱ ባንድ ደግሞ ትሪዮነቱን የሰው ቁጥሩ ይሸፍንበታል። የእንግሊዙ ሄቪ ሜታል ባንድ ብላክ ሳባት አራት ሰው ነበር፤ ድምፃዊውን ስታወጡ ግን የሚቀረው ጊታር፣ ቤዝና ድራም ነው። ቤዚስታቸው ጊዘር በትለርም መጀመሪያ ሪትም ጊታር ይጫወት ነበር። ወደ ቤዝ የሳበኝ ጃክ ብሩስ ነው ይላል።