የምርት ማሸጊያ በአሜሪካና በጃፓን

አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያ ሻጭ ነው። በ1916 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ክላረንስ ሳንደርስ የሚባል ነጋዴ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን ሱቅ ከፈተ። ቀድሞ ደንበኛው የሚፈልገውን ይናገራል፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያ አውርዶ ይሰጠዋል። እዚህ ግን ገዢው ራሱ እየዞረ ያነሳል። ዕቃውን የሚያሞግስ ሰው መሃል ላይ ስለሌለ ካርቶኑ ራሱ አፍ ማውጣት ነበረበት። የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ዛሬም በትልልቅ ፊደልና በደማቅ ቀለም የሚጮኸው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ፍርሃት ተጨመረ። በ1982 ቺካጎና አካባቢዋ ሳይናይድ የሚባል መርዝ የተጨመረበት ታይለኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ የዋጡ 7 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ተነካክቶ እንደሆነ የሚያስታውቅ ማሸጊያ እንዲኖረው መንግሥት ደነገገ። ሌላው ስጋት ሌባ ነው። ትንሿ ዕቃ በትልቅ ጠንካራ ፕላስቲክ የምትታሸገው ኪስ ውስጥ ሹልክ እንዳትል ነው። አሜሪካ የኖረ ያውቀዋል፤ ያለ መቀስ አይከፈትም፣ ጠርዙም እጅ ይቆርጣል። ሰው በጣም ስለተማረረ አማዞን በ2008 በቀላሉ የሚከፈት ማሸጊያ ላይ መሥራት ጀመረ።

ጃፓኖች ግን ሐሳባቸው ያለው የሚከፍተው ሰው እጅ ላይ ነው። ኦኒጊሪን እንውሰድ። ኖሪ በሚባል ስስ የደረቀ የባህር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ነው። ሩዙ እርጥብ ስለሆነ ኖሪው ቶሎ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ኦኒጊሪ ሁለቱን በላስቲክ ለይቶ ያቆያቸዋል። ላስቲኩ ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አለ። 1ን መሃል ለመሃል ወደ ታች ትስባለህ። 2ንና 3ን በግራና በቀኝ ትጎትታለህ። ላስቲኩ ሾልኮ ይወጣል፣ ኖሪው ሩዙ ላይ ያርፋል። እጅህ ሩዝ አልነካም፣ ኖሪውም ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል። ለአንዲት ርካሽ መክሰስ ይህን ያህል መጨነቅ!

ሻምፖም አለ። ፀጉሩን የሚታጠብ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ማየት ለተሳነው ደግሞ ሻምፖና ኮንዲሽነር መለየት ሁሌም ጣጣ ነው። ካኦ የተባለው ኩባንያ በ1991 የሻምፖ ጠርሙሱ ጎን ላይ በእጅ የሚዳሰሱ መስመሮች አወጣ፤ የኮንዲሽነሩን ልሙጥ ተወው። ሐሳቡን ለብቻው አልያዘውም፣ ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ለቀቀው። ከ2001 ጀምሮ የወተት ካርቶን አናት ላይ ግማሽ ክብ ጎድጓዳ ምልክት ይደረጋል። የዳሰሰው ሰው ወተት መሆኑን ያውቃል፤ የሚከፈተውም በተቃራኒው በኩል መሆኑን እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ዜን ከሚባለው የቡድሂዝም ፍልስፍና ጋር የሚያያይዙ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ፉክክሩ ይበልጥ የሠራ ይመስለኛል። በየመንደሩ ሱቅ በሞላበት ከተማ ኦኒጊሪው ሲከፈት የተበጣጠሰበት ሰው መንገድ ተሻግሮ ከሌላው ይገዛል።

ደግሞም ሁለቱ አገሮች ሲኮራረጁ ኖረዋል። በ1952 የጃፓን የትምባሆ ሞኖፖል ፒስ የተባለውን ሲጋራ ፓኮ እንዲያሳምርለት አሜሪካ የሚሠራውን የንድፍ ባለሙያ ሬይመንድ ሎዊን ቀጠረ። 1.5 ሚሊዮን የን ከፈለው። ያኔ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የወር ደመወዝ 110 ሺህ የን ነበር! ሲጋራው ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። በተራው ደግሞ ኬንጂ ኢኩዋን በ1961 ለኪኮማን የነደፈው ባለ ቀይ ክዳን የሶይ ሶስ ጠርሙስ የአሜሪካን ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ወረሰ። ሲቀዳ አያንጠባጥብም።

የጃፓን ነውር ብክነቱ ነው። አንድ ፓኮ ብስኩት ስትከፍት እያንዳንዱ ብስኩት ለብቻው ታሽጎ ታገኘዋለህ። መንግሥት ሱቆች ፌስታል በነፃ እንዳይሰጡ የከለከለው በሐምሌ 2020 ነው። ኒሺን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2021 ካፕ ኑድል የሚባለውን፣ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት የሚበላውን ባለ ኩባያ ኑድል ክዳን ይዛ የምታቆየውን የፕላስቲክ ተለጣፊ አስቀረ፤ በዓመት 33 ቶን ፕላስቲክ ይቆጥባል አለ። ተለጣፊዋን ዝም ብሎ አልነጠቀም። ሙቅ ውሃ ከተጨመረ በኋላ ክዳኑ ራሱን ችሎ እንዲዘጋ፣ መክፈቻ ጆሮውን ከአንድ ወደ ሁለት አሳደገው።